ጋሽ ዋንፉ እና የዳቦ ስም

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ። ውሃ አጠጣኝ ብትሉት ብርጭቆውን በእጁ ይዞ ወንዙ ከየትኛው ተራራ እንደተነሳ፣ በማን እርሻ በኩል እንዳለፈ፣ ድሮ ማን ይባል እንደነበር ይነግራችኋል። እናንተ በውሃ ጥም ትሞታላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ እሱ ሰፈር ሳይሆን መጋዘን ነው።

ኪሉንግ ወደብ፣ ከአሣ ገበያው በላይ ባለችው ዳገት ላይ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ያለ ደመወዝ የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ዋንፉ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ሌላው መርከበኛ ከባሕር ሲመለስ ሰዓት ይዞ ይመጣል፣ ሬዲዮ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱም ስሙ የማይጠራ በሽታ ይዞ ይመጣል። ጋሽ ዋንፉ ይዘው የመጡት አንድ ቃል ነው። ቃሉም "ፓን" ይባላል።

የዚህ ቃል ዕዳ ያረፈው በሱፌን ጫንቃ ላይ ነው። ሱፌን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ዳቦ ቤቷ ከጋሽ ዋንፉ በር ፊት ለፊት ነው። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ቤቶቹ የተሠሩት ሁለቱም ሳይወለዱ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚገባው በሳምንት አንዴ ነው። ያንን ሥራ ለምን እንደመረጠ ሰፈሩ ይጠረጥራል።

በየማለዳው የቀይ ባቄላው ዳቦ ከምድጃ ሊወጣ ሲል፣ ነጠላ ጫማ ጧ ጧ እያለ መንገዱን ሲያቋርጥ ይሰማታል።

"ሱፌን፣ ይሄ ምንድን ነው?" ይላሉ፣ በጣታቸው ወደ ዳቦው እየጠቆሙ።

"ፓንግ ነው ጋሼ።"

"እሱማ እኛ የምንለው ነው። ከየት መጣ?"

"ከምድጃ።"

"ቃሉን ነው የምልሽ! ስሙን ሳታውቂ እንዴት ትሸጪዋለሽ?"

ከዚያ ታሪኩ ይነሳል። ቃሉ የተወለደው ሮማ ነው። ፖርቹጋል ሄዶ አደገ። መርከብ ተሳፍሮ ናጋሳኪ ወረደና "ፓን" ተብሎ ትዳር ያዘ። ጃፓኖች እኛን ሊገዙ ሲመጡ ጓዛቸው ውስጥ አስገብተው አመጡት፤ እኛ ደግሞ በአፍንጫችን በኩል አዙረን "ፓንግ" አልነው። ኮሪያዎች ተቆጥተው "ጳንግ" አሉት። ስፔኖች "ፓን" ይሉታል፣ እንደ ጃፓን። ፈረንሳዮችም ያንኑ ይላሉ፣ መጨረሻውን ግን ይውጡታል። ጋሽ ዋንፉ እንደሚሉት ፈረንሳይ አገር ቃል መጨረስ ነውር ነው።

"እሺ ጋሼ፣ ስንት ልስጥዎት?"

"ቆይ እንጂ! ገና ሕንድ መች ደረስን?"

ሕንድ ላይ ነገሩ ይበላሻል። እዚያ "ፓን" ማለት ቅጠል ነው፤ ከኖራ ጋር ታኝኮ አፍ የሚያቀላ። የሆላንድ ሰው "ፓን" ካለህ መጥበሻ አቀብለኝ ማለቱ ነው። የፖላንዱ ደግሞ "ጌታው" ማለቱ ነው።

"አንድ የፖላንድ መካኒክ ነበረን" ይላሉ ጋሽ ዋንፉ፣ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ኮፍያቸውን አውልቀው። "ጠዋት ጠዋት መጥቶ 'ፓን ዋንፉ' ይለኛል። እኔ ዳቦ የጠየቀኝ መስሎኝ እሰጠዋለሁ። ስድስት ወር! ሰውዬው ወፈረ። አከበርኩህ ባለ ሱሪው ጠበበው።"

አንዳንድ የዋህ ደንበኛ "ታዲያ እነዚህ ሁሉ ቃሎች ዘመዳሞች ናቸው?" ብሎ ከጠየቀ ጉድ ፈላ። ጋሽ ዋንፉ ጣታቸውን ያነሳሉ። "ፊታቸው አንድ ነው፣ እናታቸው ግን ሌላ ሌላ ናት።" ከዚያ የእያንዳንዱን እናት እስኪቆጥሩ ዳቦው ይበርዳል። ለሰው ዳቦ ተቆርሶ ስም ይወጣለታል ይባላል፤ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ለዳቦ ስም ሲቆርሱ ነው።

ሱፌን ቢያንስ የምትዘጋው በር አላት። የሰፈሩ ሰው ግን አመሻሽ ላይ ማምለጫ የለውም። ቆሻሻ መሬት ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ የቆሻሻ መኪናው ዘፈኑን እያሰማ እስኪመጣ ሁሉም ፌስታሉን አንጠልጥሎ መንገድ ዳር ይቆማል። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው ለጋሽ ዋንፉ የሰርግ ጥሪ ነው። አንድ ቀን አሣ ሻጯን እትዬ ማንሊን ሕንድ ላይ ይዘዋት መኪናው መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። እትዬ ማንሊ አንድ ፌስታል የሽሪምፕ ቅርፊት ይዛ ቀረች። በማግሥቱ መኪናው የማይመጣበት ቀን ነበር። ወሩ ነሐሴ ነበር፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። የሰፈሩ ድመት በሙሉ በሯ ላይ ሰፈረ። እስከ ዛሬ ሰው "ሕንድ" ሲል አፍንጫዋን ትይዛለች።

የጥርስ ሐኪሙም አልተረፈም። አፋቸውን አስከፍቶ መስታወቱንና ብረቱን ከከተተ በኋላ "ተመስገን፣ አሁን እንኳን" ብሎ ሲተነፍስ፣ ጋሽ ዋንፉ በዚያው በተከፈተ አፍ "ኦርሁጋል" ብለው ጀመሩለት። ለአንድ ጥርስ የሁለት ጥርስ ማደንዘዣ ወጋቸው ይባላል። ሐኪሙ ሲጠየቅ አልካደም።

ሱፌን ያልሞከረችው ነገር የለም። ሬዲዮ ከፍ አድርጋ ከፈተች፤ እሳቸው ከሬዲዮው በላይ ጮኹ። በጓሮ በር ልታመልጥ ስትል በርጩማ ይዘው እዚያ ተቀምጠው አገኘቻቸው። "ሰምቼዋለሁ እኮ ጋሼ" ስትላቸው "ያኛውን ክፍል አልሰማሽም" አሏት። ለእህቷ በስልክ "እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን ዝም ያሉ ዕለት ሱቄን ዘግቼ እተኛለሁ" ብላለች። ጡረታ ከወጡ አስራ አንድ ዓመታቸው ነው። አስራ አንድ ዓመት እንደዚህ ኖረች።

ከዚያ በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ገባ።

በሰባተኛው ወር የሙታን በር ይከፈታል። ዘመድ የሌላቸው፣ ቀባሪ ያጡ፣ ባሕር የበላቸው ሁሉ ወሩን ሙሉ ከተማ ውስጥ ናቸው። በስማቸው አይጠሩም፣ "ደጋግ ወንድሞች" ነው የሚባሉት። ሰው የፈራውን ዘመድ ያደርገዋል። በየደጁ ጠረጴዛ ወጥቶ ምግብ ይቀርብላቸዋል። ኪሉንግ ወደብ ስለሆነች ደግሞ ከወንድሞቹ መሃል ከባሕር ማዶ የመጡ አሉ፤ ስፔን፣ ሆላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን። አንዱ ሊነግድ፣ ሌላው ሊወጋን መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። እነዚህን በሩዝና በዳክዬ አታጠግባቸውም። ስለዚህ የሰፈሩ ቤተ መቅደስ ለብቻቸው አንድ ጠረጴዛ ይዘረጋላቸዋል፤ ነጭ ጨርቅ፣ ሹካ፣ ቢላ፣ ወይን፣ ዳቦ።

ዳቦው ከሱፌን ቤት ነው። የባሏ አባት ከጀመሩት ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል። ሲሞቱ ያወረሷት ሁለት ነገር ነው፦ ምድጃውንና ይህን ጠረጴዛ። ምድጃው ሁለቴ ተቀይሯል።

ዘንድሮ ግን የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ሊያኦ ለማዕዱ ቀን ሳምንት ሲቀረው ሱቋ መጡ። ምንም ሳይገዙ ትንሽ ቆሙ።

"ሱፌን፣ እንዳትቀየሚኝ። ሕዝቡ እያወራ ነው። ዳቦሽ የድሮ ነው፣ ዘመን አልፎበታል ይላሉ። ባቡር ጣቢያው ጋ ያለው ትልቁ ኬክ ቤት እኔ በነፃ ላቅርብ ብሏል።"

"ሕዝቡ ማን ነው?"

"ሕዝብ ነዋ።"

"የኬክ ቤቱ ባለቤት የእህትዎ ልጅ አይደለም እንዴ?"

"እሱስ ቢሆን ሕዝብ አይደለም?" አሉ አቶ ሊያኦ። "ለማንኛውም ወንድሞች ራሳቸው ይፍረዱ። የመጠየቂያው እንጨት ሲጣል 'በልተናል' ካሉ ጠረጴዛው ያንቺ ነው። ካላሉ ግን ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለሱ ይሰጣል።"

ሲወጡ ጋሽ ዋንፉን በር ላይ አገኟቸው።

"ጋሽ ዋንፉ፣ እባክዎን በዕለቱ አንድም ቃል እንዳይተነፍሱ።"

"ያለኝ እኮ አንድ ቃል ብቻ ነው።"

"እሱኑ ነው የምልዎት!"

በአስራ አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሱፌን አርባ ዳቦ ይዛ ቤተ መቅደሱ ደጅ ደረሰች። ከንጋት ጀምሮ ነው የጋገረችው። እያንዳንዱን በንጹሕ ፌስታል አሽጋ፣ አፉን በቀይ ክር አስራዋለች። አገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ኋላ ወደ ቤቱ ስለሚወስደው ሁሉም ነገር እንደታሸገ ይቀርባል። ወንድሞች የሚበሉት የምግቡን መንፈስ ስለሆነ ፌስታል አያግዳቸውም ይባላል።

ካህኑ ደወሉን መታ፣ ዕጣኑ ተለኮሰ፣ ረጅሙ ጸሎት ተጸለየ። ዕጣኑ ግማሽ ሲደርስ የመጠየቂያው ጊዜ ሆነ። ሁለት የጨረቃ ቁራጭ የሚመስሉ ቀይ እንጨቶች አሉ፤ አንድ ጎናቸው ሆድ፣ አንድ ጎናቸው ጀርባ ነው። ሲጣሉ አንዱ ሆዱን፣ አንዱ ጀርባውን ካሳየ "በልተናል" ማለት ነው። ሁለቱም ከተንጋለሉ እየሳቁብህ ነው። ሁለቱም ከተደፉ ግን ተቀይመዋል።

የአገሬው ወንድሞች ጠረጴዛ በመጀመሪያው ውርወራ "በልተናል" አለ። እነሱ መቼም ምግብ አይመርጡም።

ካህኑ ወደ ባሕር ማዶዎቹ ዞረና ጣለ። ሁለቱም ተደፉ።

እንደገና ጣለ። ሁለቱም ተንጋለሉ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሚስቱ በክርኗ ደቆሰችው።

ሦስተኛውን ጣለ። አንዱ እንጨት እዚያው ተደፋ፣ ሌላው ተንከባሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ካህኑ ጎንበስ ብሎ ፈለገው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖም ተደፍቶ ነው ያገኘው።

"አንድ ይቀራል" አለ ካህኑ ጉልበቱን እያሸ። "አራተኛው የመጨረሻ ነው።"

"እኔ ምንም አልልም" አሉ አቶ ሊያኦ፣ መንገድ ማዶ ያለው ሰው እንዲሰማ አድርገው። "ወንድሞች ራሳቸው ተናገሩ። ዳቦው አልበላ ብሏቸዋል።"

የሱፌን ጆሮ ጋለ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ያያታል። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን ተመልሶ የማያውቅ ዳቦ፣ በሷ እጅ፣ ሙታን እንኳ አንበላም አሉት። አማቷ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር ብላ አሰበች፤ ምን እንደሚሉ ስለምታውቅ ማሰቡን ተወችው።

ጋሽ ዋንፉ ከጎን ቆመው ነበር። እንደተባሉት ከጠዋት ጀምሮ አልተናገሩም። ፊታቸው ክዳኑ እንደተጫነ ማንቆርቆሪያ ቀልቷል።

"ማውራት ይቻላል?" አሉ።

"አይቻልም!" አሉ አቶ ሊያኦ።

"እሺ።"

እሺ ብለውም ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ቢላውን አነሱ። አንድ ዳቦ መርጠው ፌስታሉን ከላይ እስከ ታች ቀደዱት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የፌስታሉ ድምፅ ጨርቅ የተቀደደ ይመስል ነበር። ወፍራም ቁራጭ ቆረጡ፣ አሸተቱ፣ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ከፍ አድርገው አሳዩ።

"ፓን" አሉ።

በቃ። ሮማ የለም፣ ናጋሳኪ የለም። ከዚያ በትልቁ ገመጡ።

ደጁ ላይ የቆመው ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ወንድሞች በልተው ሳይጨርሱ ምግባቸውን የነካ ሰው ማዕዳቸው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ማዕድ የተጋራ መንገድም ይጋራል። እስከ ቤቱ ይከተሉታል፣ ወሩ አልቆ ሲሄዱም ይዘውት ይሄዳሉ። ይህን የማያውቅ ኪሉንግ ውስጥ ድመት እንኳ የለም።

"ጋሽ ዋንፉ! ምን እየሠሩ ነው?"

"የመርከብ ሕግ ነው" አሉ ጋሽ ዋንፉ እያኘኩ። "አብሳዩ ፊቱ ቆርሶ ካልቀመሰለት መርከበኛ አይበላም። የታሰረ ፌስታል አስቀምጣችሁ ብሉ ትላላችሁ። እኔስ ብሆን እበላለሁ?" ዋጡ። ወደ ካህኑ ዞሩ። "በል አሁን ጣል።"

ካህኑ አቶ ሊያኦን አየ። አቶ ሊያኦ ሰማይ አዩ። ካህኑ ጣለ።

አንዱ ሆዱን፣ አንዱ ጀርባውን።

ሊያጨበጭብ እጁን ያነሳ ሁሉ እዚያው አየር ላይ አቆመው፤ ዓይኑ ጋሽ ዋንፉ ላይ ነበር። መጀመሪያ ካህኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። የተሰበሰበው ሰው ቀስ እያለ ሰፋ፤ ጋሽ ዋንፉ መሃል ላይ ቀሩ። ያኔውኑ ዝናብ ጀመረ፤ ለኪሉንግ ዝናብ አዲስ ነገር አይደለም። ጃንጥላ በየአቅጣጫው ተከፈተ። እሳቸው ላይ የተዘረጋ አንድም አልነበረም። እትዬ ማንሊ እንኳ፣ ደግ ሴት ሆና፣ ጃንጥላዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ጋሽ ዋንፉ በስተቀኝ ወዳለው ሰው ዞረው "ፖርቹጋሎች እኮ..." አሉ። ሰውዬው ጫማው ላይ ጭቃ አገኘ።

ወደ ግራ ዞሩ። "ናጋሳኪ ላይ ታዲያ..."

ግራ በኩል ያለው ስልኩ ጠራ፤ ያልጠራ ስልክ ነው ያነሳው።

አፋቸውን ዘጉ። እጃቸው ላይ የቀረውን ቁራሽ አዩት። ዝናቡ ኮፍያቸው ላይ ይወርዳል።

ሱፌን ያንን ዝምታ አስራ አንድ ዓመት ተመኝታዋለች። ይኸው መጣ። ስታየው ግን አልወደደችውም።

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ቢላውን ይዛ ከዚያው ዳቦ ሌላ ቁራጭ ቆረጠች፤ ከሳቸው የሚበልጥ። ሕዝቡ ፊት ገመጠችው።

"ሱፌን! አብደሻል እንዴ?" አሉ አቶ ሊያኦ።

"የራሴን ዳቦ ነው የቀመስኩት። ጨው ልክ ነው።"

"ይከተሉሻል እኮ! ሁለታችሁንም ነው የሚከተሏችሁ!"

"ይከተሉና" አለች ሱፌን ጃንጥላዋን እየከፈተች። "ጋሽ ዋንፉ ያወሩላቸዋል። ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ ሳይደርሱ ይመለሳሉ።"

መጀመሪያ የሳቀው ያ በክርን የተደቆሰው ሰው ነው። ከዚያ ሚስቱ። አቶ ሊያኦ ብቻ አልሳቁም፤ የእህታቸው ልጅ ከኋላ ቆሞ ነበር። "ለማንኛውም እንጨቱ ተናግሯል" አሉ። "የከርሞውም ጠረጴዛ ያንቺ ነው። ከርሞ ግን ዳቦው ተቆርጦ ይቅረብ።"

ሱፌን ጃንጥላዋን ጋሽ ዋንፉ ላይ ዘረጋችና ዳገቱን ተያያዙት። ሰው መንገድ ከፈተላቸው። እትዬ ማንሊ ሲያልፉ "ጋሼ፣ ደህና ይግቡ" አለች፤ ከሩቅ ቢሆንም አለች። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እስኪያልፉ ጋሽ ዋንፉ ምንም አልተናገሩም። ሱፌን ታመው እንደሆነ ብላ በጎን አየቻቸው።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"ያ የመርከብ ሕግ ያሉት እውነት ነው?"

ጋሽ ዋንፉ ትንሽ ተራመዱ። "ሕግስ አልነበረም" አሉ። "እኔን ብቻ ነው እንደዚያ ያደርጉኝ የነበረው።"

"ለምን?"

"ወጤ አይበላም ነበር።"

ሱፌን ቆመች። "ሠላሳ አንድ ዓመት?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት። ሰባት መርከብ።" ኮፍያቸውን አውልቀው ውሃውን አራገፉ። "ድስቱን አወጣለሁ። 'መጀመሪያ አንተ ቅመስ' ይሉኛል። ፊታቸው እቀምሳለሁ። ስፔኑ ያየኛል፣ ጃፓኑ ያየኛል፣ ኮሪያው ያየኛል። ከዚያ ሁሉም ድስቱን ገፋ ያደርጉና በየቋንቋቸው ዳቦ አምጣ ይሉኛል። በየመርከቡ እንደዚያ ነው። እንግዲህ ሌላ ቃል ማን አስተማረኝ?"

ሱፌን ከንፈሯን ነከሰች፤ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ አሳበቀባት። ጃንጥላውን ወደ እሳቸው ዘንበል አደረገችው። የሷን ቀኝ ትከሻ ዝናቡ መታው።

"ዛሬ ራት እኔ ጋ ይበላሉ" አለቻቸው። "ድስቴን ግን እንዳይነኩ።"